ልጃችሁ «ክብደት አልጨመረም» ስትባሉ፦ በእንግሊዝ ላላችሁ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ከቤቢ ክሊኒክ ወጥታችሁ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቀዩን ደብተር (የልጁን የጤና መዝገብ) ገልጣችሁ «አሁን ምንድነው ያለችኝ?» የምትሉ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ላይ ነው። ልጁን ቶሎ ቶሎ ያስመዝናሉ። ደብተሩ ውስጥ ያለውን የዕድገት ቻርት ትተው ቁጥሩን ከሰው ልጅ ጋር ያወዳድራሉ። ሄልዝ ቪዚተሯ (የልጁን ዕድገት የምትከታተለው ባለሙያ) ላለችው ሁሉ «እሺ» ብለው ይወጡና ቤት ሲደርሱ አገር ቤት ደውለው አያትን ይጠይቃሉ። ሦስቱም ይስተካከላሉ።

እዚህ ያለው የእንግሊዝ አሠራር ነው። ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ ሄልዝ ቪዚተሯ የምትጎበኝበት ጊዜ ይለይባችኋል። ቻርቱ ግን አንድ ነው።

## መጀመሪያ ይህን፦ ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ስለ ሚዛን አታስቡ።

999 (አምቡላንስ) ደውሉ፦ ልጁ መተንፈስ ካቃተው፣ አልነቃ ካለ፣ ሰውነቱ ከተዝለፈለፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ወይም አመድማ ከተለወጠ። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ይህ ቶሎ አይታይም። ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ መዳፉንና የእግሩን ጫማ እዩ።

ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፦ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ።

111 (የጤና ምክር ስልክ) ወይም ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪማችሁ) ጋ አሁኑኑ ደውሉ፦ 12 ሰዓት ሙሉ ናፒው (ዳይፐሩ) ካልራሰ፣ ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ወይም በላይ ከሆነ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ወይም ለመጥባት እንኳ አቅም ካጣ።

## ደረጃ 1፦ ከመሄዳችሁ በፊት

1. መመዘን እንዳለበት አረጋግጡ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ካለፉና የተለየ ስጋት ከሌለ፣ እስከ 6 ወር ድረስ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ አታስመዝኑ። ከ6 እስከ 12 ወር በ2 ወር አንዴ። ከዓመት በኋላ በ3 ወር አንዴ። «ክሊኒኩ ቅርብ ስለሆነ በየሳምንቱ እንሂድ» የሚባለው ነገር ጭንቀት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ9 ወር ልጅ በሳምንት የሚጨምረው በአማካይ ከ100 ግራም በታች ነው። ከመመዘኑ በፊት የጠጣው ወተት ብቻ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሳምንት «ጨመረ»፣ በሚቀጥለው «ቀነሰ» ብትባሉ የምታዩት የሆዱን መሙላትና መጉደል ነው።

ስጋት አለ ከተባለ ግን ይህ አይሠራም። ያኔ ከ1 ወር በታች የሆነ ልጅ በየቀኑም ሊመዘን ይችላል፤ ከ1 እስከ 6 ወር በየሳምንቱ፣ ከ6 እስከ 12 ወር በየ2 ሳምንቱ፣ ከዓመት በላይ በየወሩ።

2. አስተርጓሚ አስይዙ። ነፃ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ እንጂ በሩ ላይ ስትደርሱ አትጠይቁ። አንድ ጥንቃቄ፦ በስልክ «አማሪክ» ስትሉ «አረቢክ» ብለው የሚመዘግቡ አሉ። ፊደል በፊደል ንገሯቸው፣ ከዚያም የጻፉትን መልሰው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። ባል ወይም የ10 ዓመት ታላቅ እህት እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ። እናት ስለ ጡቷ ቁስል ወይም ስለ ስሜቷ በልጅዋ አፍ መናገር አትችልም።

3. የ24 ሰዓት ማስታወሻ ያዙ። ስልካችሁ ላይ ይበቃል። ስንት ጊዜ ጠባ፣ ስንት ናፒ ራሰ፣ ስንቴ ካካ አለ፣ ጡጦ ከሆነ ስንት ሚሊ ጠጣ። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ብዙዎቹ እስከ 12 ጊዜ ይጠባሉ። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ጊዜ ክብድ ያለ የራሰ ናፒ ይጠበቃል። ይህ ማስታወሻ ሲኖራችሁ ንግግሩ በሙሉ ይለወጣል። «ደህና ይጠባል» ከማለት «ትናንት 9 ጊዜ ጠባ፣ 7 ናፒ ራሰ» ማለት የበለጠ ይሰማል።

4. ቀዩን ደብተር አትርሱ። ሲወለድ የነበረው ክብደትና በስንት ሳምንቱ እንደተወለደ መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ ከሆስፒታሉ መውጫ ወረቀት ላይ ፈልጋችሁ አስጽፉ።

5. ቶሎ የሚወልቅ ልብስ አልብሱት። ክሊኒኩ ውስጥ ሰልፍ አለ። ሦስት ካልሲና አምስት ቁልፍ ስትፈቱ ልጁ ማልቀስ ይጀምራል፣ ከዚያ ሚዛኑ ላይ ይወራጫል።

## ደረጃ 2፦ ሚዛኑ ላይ

1. ሚዛኑ ላይ ወረቀት ወይም ጨርቅ ከተነጠፈ በኋላ 0 ማሳየቱን እዩ።
2. ልጁን ራቁቱን አድርጉት። ናፒም ጭምር ይወልቃል። እስከ 2 ዓመት ድረስ ደንቡ ይህ ነው። «ግድ የለም፣ ናፒው ይሁን» ካሉ በትሕትና እምቢ በሉ፤ ሽንት የያዘ ናፒ የዛሬውን ቁጥር ከፍ ያደርገውና በሚቀጥለው ጊዜ ራቁቱን ሲመዘን «ቀነሰ» ያስብላል።
3. አንገቱ ላይ ማተብ ካለ ይሁን፣ ክር ምንም አይመዝንም። ወፍራም የብር መስቀል ከሆነ ግን አውልቁት።
4. ልጁ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ቁጥሩ ሲቆም እናንተም አንብቡት።
5. በኪሎ ይጻፍ። «ስቶን»ና «ፓውንድ» የሚቀናቸው አሉ፤ ቻርቱ ግን የሚሠራው በኪሎ ነው።
6. ቀኑ፣ ዕድሜው፣ ክብደቱና የመዘነችው ሰው ፊርማ ደብተሩ ላይ ሳይሰፍር አትውጡ።

ቁጥሩ የማይመስል ከሆነ፦ እዚያው እንዲደገም ጠይቁ። ካለፈው የተለየ ሚዛን ከሆነ ያንን አስጽፉ። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ክሊኒክ ሂዱ። የቤት ሚዛን ላይ ልጁን ይዞ ቆሞ፣ ከዚያ የራስን ክብደት መቀነስ የሚባለውን ዘዴ ተዉት። ለሻንጣ ይሠራል፣ ለአራስ አይሠራም።

## ደረጃ 3፦ ቻርቱን ራሳችሁ አንብቡ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ጭንቀቱ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ገጽ አግኙ። የወንድና የሴት ቻርት የተለያየ ነው። 3 ወር ላይ መካከለኛው መስመር ለወንድ 6.4 ኪሎ፣ ለሴት 5.8 ኪሎ ነው። ሴት ልጅ የወንድ ቻርት ላይ ከተነጠበች ያለ ጥፋቷ «ዝቅተኛ» ትሆናለች።

መስመሮቹን እወቁ። ሴንታይል የሚባሉት 9 ናቸው፦ 0.4፣ 2፣ 9፣ 25፣ 50፣ 75፣ 91፣ 98 እና 99.6። 25ኛው መስመር ላይ ያለ ልጅ ማለት ከ100 ጤነኛ እኩዮቹ ውስጥ 25ቱ ከሱ ይቀላሉ፣ 75ቱ ይከብዳሉ ማለት ነው። የፈተና ውጤት አይደለም። 50 «ማለፊያ» አይደለም። 9ኛው መስመር ላይ ተወልዶ 9ኛውን ተከትሎ የሚያድግ ልጅ ምንም አልጎደለበትም።

«ይሄ የፈረንጅ ልጅ ቻርት ነው፣ ለኛ አይሆንም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ከ2009 ጀምሮ እንግሊዝ የምትጠቀምበት ቻርት በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ላይ የተመሠረተ ነው። ድርጅቱ የለካቸው ልጆች ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኦማን፣ ከብራዚል፣ ከኖርዌይና ከአሜሪካ ናቸው። ጡት እየጠቡ ያደጉ ናቸው። ለእኛም ይሆናል።

ዕድሜውን በትክክል ቁጠሩ። 12 ሳምንት 3 ወር አይደለም፤ 3 ወር 13 ሳምንት ነው። ነጥቡ አንድ ሳምንት ወደ ቀኝ ከተገፋ ልጁ ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል። ልጁ ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለደ ደግሞ ቀድሞ የመጣበት ሳምንት መቀነስ አለበት። ከ32 እስከ 36 ሳምንት ለተወለደ እስከ 1 ዓመት፣ ከ32 በፊት ለተወለደ እስከ 2 ዓመት እንዲህ ይደረጋል። ይህ የሚረሳ ነገር ስለሆነ እናንተ አስታውሱ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ባዶ ናቸው። ቻርቱን ስታዩት እዚያ ቦታ ላይ መስመር የለም። አለምክንያት አይደለም። ሁሉም ሕፃን ማለት ይቻላል ተወልዶ ክብደት ይቀንሳል፣ ከዚያ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ከተወለደበት ክብደት ስንት በመቶ እንደቀነሰ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 3.40 ኪሎ የተወለደ ልጅ በ5ኛው ቀን 3.15 ቢመዝን 250 ግራም ቀንሷል፤ ይህ 7 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ልጅ 10 በመቶ ማለት 3.06 ኪሎ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ልጁ በደንብ መታየትና አጠባቡ መፈተሽ አለበት። በ3 ሳምንቱ የተወለደበት ክብደት ላይ ካልተመለሰም እንዲሁ።

«ወረደ» ማለት ስንት ነው? በሁለት መስመር መካከል ያለውን «አንድ ክፍተት» በሉት። አሳሳቢ የሚባለው እንዲህ ነው፦

- ሲወለድ ከ9ኛው መስመር በታች ከነበረ፣ 1 ክፍተት ወይም በላይ ሲወርድ
- ሲወለድ በ9ኛውና በ91ኛው መካከል ከነበረ፣ 2 ክፍተት ወይም በላይ ሲወርድ
- ሲወለድ ከ91ኛው በላይ ከነበረ፣ 3 ክፍተት ወይም በላይ ሲወርድ
- ሲወለድ የትም ቢሆን፣ አሁን ከ2ኛው መስመር በታች ከሆነ

ምሳሌ፦ 50ኛው ላይ የተወለደች ልጅ አሁን ከ25ኛው ትንሽ ዝቅ ብላ ብትገኝ የወረደችው አንድ ክፍተት ከምናምን ነው። በክትትል ይታያል፤ ግን አሳሳቢ ከሚባለው ገና አልደረሰም። 9ኛው ላይ ከደረሰች ሁለት ክፍተት ሞላ።

## ደረጃ 4፦ ከሄልዝ ቪዚተሯ ጋር ስትነጋገሩ

ሄልዝ ቪዚተር ተጨማሪ ሥልጠና ያላት ነርስ ወይም አዋላጅ ናት። እንግሊዝ ውስጥ ከእርግዝናው ጉብኝት ሌላ፣ ልጁ በተወለደ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ በ6–8 ሳምንት፣ በዓመቱ ገደማ እና ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ታያችኋለች። የምትሞላው ቅጽ ብዙ ነው፣ ጊዜዋ አጭር ነው። ካልጠየቃችሁ ብዙ ነገር ሳይነገራችሁ ይቀራል።

እኛ ዘንድ ባለሙያን መከራከር ነውር ይመስለናል። ስለዚህ ራስ እየነቀነቅን «እሺ፣ እሺ» እንላለን። እሷ ተስማሙ ብላ ትጽፋለች። እኛ አልተስማማንም፤ ምናልባት አልገባንም። በሚቀጥለው ወር መስመሩ እዚያው ሲሆን «የተመከሩትን አላደረጉም» የሚል ነገር ይመጣል። ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ። ማድረግ የማትችሉትም ከሆነ እዚያው ተናገሩ።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በስልካችሁ ይዛችሁ ግቡ፦

1. ሲወለድ የትኛው መስመር ላይ ነበር? አሁን ስንት ክፍተት ወረደ?
2. ርዝመቱን ትለኪልኛለሽ? (ክብደት አሳሳቢ ከሆነ ርዝመትም መታየት አለበት።)
3. ሲጠባ ቁጭ ብለሽ ታይልኛለሽ?
4. እስከሚቀጥለው ድረስ በትክክል ምን ላድርግ?
5. መቼ እንመለስ? ያኔ ካልጨመረስ?

የ4ኛውንና የ5ኛውን መልስ ደብተሩ ላይ ትጻፍላችሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሳያዩ «ፎርሙላ ጨምሪ» ማለት ቀላል ነው። አይቶ «አፉን ሰፋ አድርጎ አልጎረሰም» ማለት ግን ችግሩን ሊፈታ ይችላል።

## ደረጃ 5፦ መስመሩ በእርግጥ ከወረደ

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

1. ነጥቡን አጣሩ። የቻርቱ ፆታ፣ የዕድሜው ቆጠራ፣ ያለጊዜው መወለድ፣ ናፒ። ደረጃ 2 እና 3ን ድገሙ።

2. አጠባቡን አስፈትሹ። ሲጠባ ጉንጩ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። የመዋጥ ድምፅ መሰማት አለበት። ጡት ከለቀቀ በኋላ ጫፉ ተጨፍልቆ ወይም ነጥቶ ከወጣ አያያዙ ትክክል አይደለም። ምላሱ ከሥር በክር ታስሮ ሊሆን ስለሚችል «ታንግ ታይ» መኖር አለመኖሩን እንዲያዩ ጠይቁ። ብሔራዊው የጡት ማጥባት የስልክ መስመር 0300 100 0212 ነው።

3. ጡጦ ከሆነ አሠራሩን እዩ። ውሃው ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል። ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ 70 ዲግሪ ወይም በላይ መሆን አለበት። ማንኪያው ልክ ይሁን። ወተቱ እንዲበረክት ማቅጠን ልጁን ያከሳል። እንዲወፍር ብሎ ዱቄት መጨመርም ሰውነቱን ውሃ ያሳጣል፣ ሆዱን ያደርቃል። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አቀዝቅዙት።

4. «ፎርሙላ ጨምሪ» ከተባለ እንዲህ ጠይቁ፦ ስንት ሚሊ? በቀን ስንቴ? እስከ መቼ? ማን ያየዋል? መልስ የሌለው ትእዛዝ ይዛችሁ አትውጡ። የታለበ የራሳችሁ ወተት ካለ እሱ ይቅደም። መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ተጨማሪው። እያንዳንዱ ጡጦ ሲሰጥ ጡቱን በእጅ ወይም በፓምፕ ማለብ አለባችሁ፤ አለዚያ ጡቱ «አልተፈለግኩም» ብሎ ወተቱን ይቀንሳል። ብዙ እናት ጡቷ የደረቀው ፎርሙላ በመስጠቷ ይመስላታል። ብዙ ጊዜ የደረቀው ባለመታለቡ ነው።

5. ካልጨመረ ጂፒ። ሐኪሙ የሽንት ኢንፌክሽን ሊመረምር ይችላል። ምግብ ለጀመረ ልጅ ደግሞ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የማይስማማው መሆኑን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይኖራል። እዚህ ላይ አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ልጁ የሚበላው የጤፍ ገንፎና እንጀራ ብቻ ከሆነ ምርመራው በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ለሐኪሙ ስንዴና ገብስ በልቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ንገሩት።

## ደረጃ 6፦ አያትና ሄልዝ ቪዚተር ሲጋጩ

ሁሉንም አያት ያሉትን መጣል፣ ወይም ሁሉንም ነርሷ ያለችውን መጣል አይጠቅምም። ለዩት።

የማይሰጡ፦ ከ6 ወር በፊት ውሃ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ቅቤ ማላስ። ትንሽ ሆድ ውስጥ የገባ ውሃ የወተትን ቦታ ይይዛል፤ ክብደቱ የማይጨምረውም በዚህ ሊሆን ይችላል። ማር እስከ 1 ዓመት በፍጹም። ጡጦ ውስጥ ዱቄት መበጥበጥም አይሆንም፣ ያንቃል።

የሚሆኑ፦ አጥሚትና ገንፎ ለአራሷ። ለልጁ ገንፎ ከ6 ወር ጀምሮ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ። ቀጭን አጥሚት ለልጁ ዋና ምግብ አታድርጉት፤ ሆዱን ይሞላል እንጂ አያጠግበውም። ወፈር ያለ ገንፎ ይሻላል።

ሄልዝ ቪዚተሯ «አጥሚት» ወይም «ምጥን» ምን እንደሆነ አታውቅም። ስሙን ብቻ ነግራችኋት ብትፈራ አትፍረዱባት። ከምን እንደተፈጨ ዘርዝሩላት፦ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ። ለውዝ ካለበት በተለይ ተናገሩ፣ አለርጂ ስላለ።

ቪታሚን ዲን አትናቁ። ጡት የሚጠባ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ በየቀኑ ከ8.5 እስከ 10 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። በቀን ከ500 ሚሊ በላይ ፎርሙላ የሚጠጣ አያስፈልገውም። «ፀሐይ እናሞቀዋለን» የሚለው ለአዲስ አበባ ነው፤ ለኅዳር ለንደን አይሆንም።

አማት ቤት መጥተው አራስ የሚያርሱ ከሆነ ፊት ለፊት አትጋጩ። «እማማ፣ እሱን ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ ለእኔ ግን ያንን አጥሚት ይሥሩልኝ» በሉ። እጃቸው ሥራ ያገኛል፣ ልጁም ይተርፋል።

## ደረጃ 7፦ ካልተስማማችሁ ወይም ከተናቃችሁ

ቀጠሮ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። የሄልዝ ቪዚተር ጉብኝት በሕግ የሚያስገድድ አይደለም። ነገር ግን ስለ ልጁ ስጋት ተነሥቶ እያለ ስልክ አለማንሣትና በር አለመክፈት ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። «ልጄን ይወስዱብኛል» ብለው የሚሸሹ አሉ፤ ሽሽቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። የማይመቻችሁ ከሆነ ደውላችሁ ቀኑን ቀይሩ፣ የደወላችሁበትንም ቀን ጻፉ።

ሌላ ሰው ጠይቁ። ለቡድኑ ደውላችሁ በሌላ ሄልዝ ቪዚተር መታየት እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በሉ፦ አስተርጓሚ አልቀረበልኝም፣ አጠባቤ አልታየም፣ ስለ ምግባችን አላገጠችብኝ። ስሜታችሁን ሳይሆን የሆነውን ተናገሩ።

መልስ ካጣችሁ በጽሑፍ። ለቡድኑ መሪ ኢሜይል ላኩ። ቀኑን፣ የተባላችሁትን፣ የምትፈልጉትን ጻፉ። የደብተሩን ገጽና የቻርቱን ፎቶ አያይዙ። እስከዚያው የልጁን ነገር አታቁሙት፤ ጂፒያችሁ ጋ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ያዙ፣ የ24 ሰዓቱን ማስታወሻም ይዛችሁ ሂዱ።